በጨለማ የተነሳ ፎቶ

«ስምንት ወንበር ይበቃል» አለች የብልጭ ታላቅ እህት ማዕድ ቤት ሆና። «እማዬ፣ አጎቴ፣ እኔና ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቼ፣ ማሙሽና ሚስቱ። የቀረውን ወንበር ወደ ጓዳ መልሱት፣ ሳሎኑን አያጣብበው።» ብልጭ በዚያች ሰዓት ሳሎኑ ወለል ላይ ተንበርክካ የካሜራውን ማቆሚያ ብሎን ታጠብቅ ነበር። እጇ ብሎኑ ላይ ቀረ። እህቷ የጠራቻቸውን ሰዎች በልቧ መልሳ ጠራቻቸው፤ ምናልባት ሳልሰማው ያለፈኝ ሰው ይኖራል ብላ። አልነበረም። እህቷ ደግሞ ቁጥር የምትስት ሰው አይደለችም፤ ለስንት እንግዳ ስንት ሳህንና ስንት ብርጭቆ እንደሚበቃ ሳትጨነቅ የምታውቅ ሴት ናት። በአነጋገሯ ክፋት ቢኖርበት እንኳ ይሻል ነበር፤ ለክፋት መልስ አይጠፋም። እሷ ግን የተናገረችው ሾርባው ምን ያህል ጨው እንደሚበቃው እንደሚናገር ሰው ነው። ብልጭን ሆድ ባሳት። የሃምሳ ዓመት ሴት፣ የራሷ ስቱዲዮ ያላት፣ በወንበር ቁጥር ሆድ ሲብሳት ራሷንም አሳቃት፤ ቢሆንም ባሳት።

እናቷ ዘንድሮ ሰማንያ ዓመት ሞላት። ለልደትሽ ምን እናምጣልሽ ስትባል ሹራብም ጫማም አልፈልግም፣ ልጆቼን ሁሉ በአባታችሁ ካሜራ ባንድ ላይ አንስታችሁ ግድግዳ ላይ ስቀሉልኝ አለች። ስልክ ውስጥ ያለ ፎቶ ለእሷ ፎቶ አይደለም፤ ጣት ሲነካው ይሸሻል፣ መነጽሯን ፈልጋ እስክታደርግ ድርግም ይላል። የሳሎኑ ግድግዳ ላይ ያሉት ግን ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም። ማሙሽ ሲመረቅ፣ ታላቅ እህቷ ስትዳር፣ የእህቷ ልጆች ጥርስ ሳያበቅሉ፣ አባታቸው ስቱዲዮው በር ላይ እጁን አጣምሮ ቆሞ። ብልጭ በአንዱም የለችም። ልጅ ሆና አባቷ በትልቁ ካሜራ ሲያነሳ ፍላሹን ይዛ የምትቆመው እሷ ነበረች፤ ብልጭ የሚለው ስም የወጣላትም ያኔ ነው፣ ዋናውን ስሟን ከእናቷ በቀር የሚያስታውሰው የለም። አባቷ ሲያርፍ ስቱዲዮውንም ካሜራውንም ተረከበች፤ ከዚያ ወዲህማ እሷን ማን ያንሳት? እንግዳ መጥቶ ግድግዳውን ከቃኘ በኋላ «አንቺስ የታለሽ?» ሲላት «ከካሜራው ወዲህ ነኛ» ብላ ትስቃለች። ዛሬ ግን ሳቁ እሺ አላላትም።

ካሜራው የእንጨት ሣጥን ነው፤ ወገቡ እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፍ ጥቁር ቆዳ፣ ፊቱ ላይ የሻይ ብርጭቆ አፍ የሚያህል ሌንስ። ሌንሱ እንደ ዛሬዎቹ ጠቅ የሚል ነገር የለውም፣ ያለው ክዳን ብቻ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሲነሳ ክፍሉ ድቅድቅ ጨለማ መሆን አለበት። በጨለማው ክዳኑ ይነሳል፣ ፍላሾቹ ይበራሉ፣ ክዳኑ ይመለሳል፤ ፊልሙ የሚያየው ፍላሾቹ የበሩባትን ቅጽበት ብቻ ነው። ፍላሾቹ አራት ናቸው። ሦስቱ በየማቆሚያቸው ላይ ሆነው አንዱ በስተቀኝ፣ አንዱ በስተግራ፣ አንዱ ደግሞ ከፍ ብሎ ከጣሪያው ሥር ይቆማሉ፤ አራተኛው በእጅ የሚያዝ ትንሽ ነው። ምንም ገመድ አያገናኛቸውም። ሦስቱ ሆዳቸው ላይ ሽምብራ የምታህል ዓይን አለቻቸው፤ ያቺ ዓይን ሌላ ፍላሽ ሲበራ ካየች እነሱም በዚያው ቅጽበት ይበራሉ። ብልጭ የእጇን ስትጫን ሦስቱም ተከትለው ቦግ ይላሉ፣ ሳሎኑ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ቀን ይሆናል። የሚያስቸግረው ፊልሙ ነው። እንደ ደብተር ገጽ የሚሰፋው ያ ፊልም ከገበያ ከጠፋ ቆየ፤ ፍሪጅ ውስጥ ከእንቁላሉ ጀርባ ደብቃ ያቆየቻቸው ሁለት ፍሬ ብቻ ቀርተዋታል። አንዱ ለፎቶው፣ አንዱ ደግሞ ምናልባት ሰው ዓይኑን ቢጨፍን።

ሐሳቡ የመጣላት ብሎኑን ይዛ እንደተንበረከከች ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ክዳኑን በማንሳትና ፍላሹን በመጫን መሀል ትንፋሽ እንኳ አታስቀርም ነበር፤ አባቷ እንዲያ አስተማራት። ግን ምን አስቸኮላት? ክፍሉ ጨለማ እስከሆነ ድረስ ክዳኑ ተነስቶ ቢቆይ ፊልሙ ምን ሊያይ ነው? ጨለማ። አንድ ሰው በካሜራው ፊት ቢያልፍስ? ያው ጨለማ። ያ ሰው ሄዶ ሄዶ ከእናቷ ጎን ቢቀመጥና እዚያው ሆኖ ፍላሹን ቢጫነውስ? ብልጭ ብሎኑን ትታ ተነሳች፣ ጉልበቷን አራገፈች። ይህ ነገር ዕድሜዋን ሙሉ አፍንጫዋ ሥር ተቀምጦ ነበር፤ ስትፈልገው ስላልኖረች አላየችውም። አሁን ፈለገችው። ዛሬ፣ በዚህ ፎቶ፣ ከእናቷ ጎን መሆን ፈለገች፤ ፍላጎቱ እንዲህ የሚያንገበግብ ይሆናል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

ምሳ ላይ ሁሉም ተሟልተው ነበር። ማሙሽ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነው። አናቱ ተመልጧል፣ የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅም ሆኗል፣ ግን ማሙሽ ነው፤ እናቱ ወደ ባንኩ ደውላ «ማሙሽን አገናኙኝ» ስትል ጸሐፊዋ እንዲህ የሚባል ሠራተኛ የለንም ብላ የዘጋችባት ቀን እስከ ዛሬ ይሳቅበታል። ሚስቱ ብዙ የማትናገር፣ ሁሉም ነገር ላይ በዓይኗ የምትስቅ ሴት ናት። አጎታቸው፣ የእናታቸው ወንድም፣ ጆሯቸው ከከዳቸው ወዲህ ለተጠየቁት ሁሉ «ደህና ነኝ» ብለው ይመልሳሉ። የእህቷ ባል የመድኃኒት መጋዘን ኃላፊ ነው፤ ቤተሰቡ ጋዜጠኛው ብሎ ስም ያወጣለት ከኪሱ በማትለይ አንዲት ትንሽ ካሜራ የተነሳ ነው፣ ምግቡ ሳይበላ ያነሳዋል፣ ተበልቶ ሲያልቅም ሳህኑን ያነሳዋል። ወሬው እንደ ወትሮው የኑሮ ውድነት ነበር። ኬኩ ስንት እንደተገዛ ተጠየቀ፣ ዋጋው ሲነገር ሁሉም አንድ ላይ «ኧረ በለው» አሉ፣ ከዚያ ቲማቲሙ ተነሳ፣ ከዚያ የቤት ኪራይ። ብልጭና እህቷ ጎን ለጎን ተቀምጠው የተለዋወጡት ቃል «ዳቦውን አቀብይኝ» እና «እንኪ» ብቻ ነው። ተኳርፈው አይደለም፤ ሁለቱ ተኳርፈው አያውቁም። ሲገናኙ ስለ እናታቸው የደም ግፊትና ስለሚያንጠባጥበው ቧንቧ ያወራሉ፣ ወሬው ሲያልቅ ዝም ይላሉ፤ ዝምታውን ከመልመዳቸው የተነሳ ልብም አይሉትም።

ኬኩ ሲቆረስ ብልጭ «እኔም ፎቶው ውስጥ እገባለሁ» አለች። ድምጿ ካሰበችው በላይ ወጣ። ማሙሽ ማንኪያውን አፉ ውስጥ እንዳደረገ አፍጥጦ ቀረ።

«አንቺ ከገባሽ ማን ያነሳል?» አለች እህቷ።

ብልጭ በእጇ እያሳየች አስረዳቻቸው። ጨለማውን፣ ክዳኑን፣ በጨለማ አቋርጣ መጥታ እንደምትቀመጥ፣ ፍላሹን ከእናቷ ወንበር ጀርባ ወደ ግድግዳው አዙራ እንደምትጫነው፣ ከዚያ ሌሎቹ አይተው እንደሚከተሉ፣ በመጨረሻም ማንም መብራት ሳያበራ ተመልሳ ሄዳ ክዳኑን እንደምትከድን። የእህቷ ልጆች ዓይናቸው በራ። እህቷ ግን ሁለት ፊልም ብቻ ነው ያለኝ ያልሽው አንቺው አይደለሽም ወይ፣ እማዬ ይህን ሁሉ ጊዜ ጠብቃ አንቺ በጨለማ ስትደናበሪ ቢበላሽብንስ፣ እንደ ሁልጊዜው አድርጊውና በሰላም እንገላገል አለች። ከንግግሩ ይልቅ ብልጭን የቆረጣት እህቷ እውነቷን መሆኑ ነው። እስከዚያ ከኬኩ ክሬም ጋር ትታገል የነበረችው እናቷ ቀና አለች።

«ድሮስ ልትገቢ አልነበረም እንዴ?» አለች። «እኔ እኮ ልጆቼን ሁሉ ነው ያልኩት። ከመቼ ወዲህ ነው ጎረቤት የሆንሽው?»

እህቷ ሳህኖቹን አንድ በአንድ ደራርባ ይዛ ወደ ማዕድ ቤት ገባች፣ እዚያም ሳህን ከሚታጠብበት ድምፅ በላይ የሆነ የሳህን ድምፅ ተሰማ።

ሳሎኑን ማጨለም ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። መጋረጃው ብቻውን አይበቃም፤ ማሙሽ ወንበር ላይ ቆሞ ብርድ ልብስ መስኮቱ ላይ ቸነከረ፣ ልጆቹ የበሩን ሥር በፎጣ ደፈኑ፣ የቁልፉን ቀዳዳ የማሙሽ ሚስት በማስቲካ ዘጋችው፣ የታኘከ ማስቲካ በመሆኑ ቤቱ በሳቅ አውካካ። ወንበሮቹ በግማሽ ክብ ተደረደሩ። ብልጭ ከስቱዲዮ ያመጣቻትን ክብ በርጩማ ከእናቷና ከእህቷ መሀል አስቀመጠች። እህቷ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ቦታ ለቀቀችላት፤ ከሚገባው በላይ ነበር የለቀቀችው፣ ብልጭ ይህን ለበጎ ይሁን ለክፉ መተርጎም አቃታት። ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንባ ከካሜራው ጀርባ ባለው መስታወት አየቻቸው። በዚያ መስታወት ሰው ተዘቅዝቆ ነው የሚታየው፤ ቤተሰቧ በሙሉ ከወንበር ጋር ጣሪያው ላይ ተሰቅሎ አጎታቸው እያዛጉ ነበር። መሀላቸው ባዶዋ በርጩማ አለች። ትኩር ብላ አየቻት፤ እዚያ ላይ ልትቀመጥ መሆኑ ለራሷም አልመስላት አለ።

ከዚያ ትእዛዝ ሰጠች። ማንም አይነሳ፣ ማንም አያውራ፣ ስልክ የሚባል ነገር ሁሉ ተሰብስቦ ጓዳ ይግባ፣ ብርሃኑ ጠላታችን ነው። ስልኮቹ በሳፋ ተሰብስበው ወጡ። ጫማዋን አወለቀች፣ ካሜራው እንዳይንቀጠቀጥ፤ ወለሉ መሀሉ ላይ ትንሽ ምንጣፍ ያለው አሮጌ ጣውላ ነው፣ በባዶ እግርም ቢሆን መጮሁ አይቀርም። ፊልሙን አስገባች፣ መብራቱን አጠፋች። እንዲህ ያለ ጨለማ በገዛ ቤት ውስጥ ያስገርማል፤ እጇን ዓይኗ ፊት ብታወዛውዘው አይታይም። ክዳኑን አነሳች። ትንሿን ፍላሽ በቀኝ እጇ ይዛ፣ በግራዋ አየሩን እየዳሰሰች መራመድ ጀመረች። «መብራት ሄደ እንዴ?» አሉ አጎታቸው በታላቅ ድምፅ። ከልጆቹ አንዷ በአፍንጫዋ ሳቀች። ወለሉ ሲጥ አለ፣ ደግሞ ሲጥ አለ። ብልጭ ሳሎኑ እንዲህ ሰፊ መሆኑን ልጅ ሆና እንኳ አላወቀችውም። መሀል ላይ ደረስኩ ስትል፣ ቦግ።

ሁሉም ባንዴ በሩ። ቀኙም፣ ግራውም፣ የጣሪያውም። ብልጭ ጣቷን አላነቃነቀችም። ዓይኗ በአረንጓዴ ክብ ተሞልቶ ባለችበት ደርቃ ቀረች፤ ሰው ሁሉ ዓይኑን እያሸ «ምንድን ነው፣ ምንድን ነው» ይላል። እየተደናበረች ተመልሳ ክዳኑን ከደነች፣ መብራቱን አበራች። ጋዜጠኛው ትንሿን ካሜራውን በሁለት እጁ እንደያዘ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ፊቱ ጣፋጭ ሲሰርቅ የተያዘ ልጅ ፊት ነው። የትንሿ ካሜራ ፍላሽ ሲበራ የማቆሚያዎቹ ዓይኖች አይተው ተከትለዋት ነበር። በጨለማ ማን ያየኛል ብዬ ነው አለ። ደግሞም የተባለው ስልክ ነው፣ ይቺ ስልክ አይደለችም። ሚስቱ እጇን ዘርግታ ካሜራዋን ተቀበለችውና፣ ሳትቆጣ፣ ወንበሯ ላይ አድርጋ ተቀመጠችባት። ማሙሽ ሳቁን ለመዋጥ ኬክ ጎረሰ።

ብልጭ አልሳቀችም። ከሁለቱ ፊልም አንዱ ሄደ፤ በላዩ ላይ ያለው የራሷ ጀርባ ይሆናል፣ ሌላ ምን ይኖርበታል። የቀረው አንድ ነው፣ ያም ከሄደ እናቷ ፎቶ የላትም። እህቷ የፈራችው ደረሰ። ብልጭ ለራሷ ፈረደች፤ ይበቃኛል፣ እንደ ወትሮዬ ከካሜራው ጋር ልቁም። ሄዳ በርጩማዋን አነሳችና ከመዝጊያው ሥር አኖረቻት። ምኞቷን ዋጥ አደረገችው፤ እሷ መዋጥ ትችላለች፣ ስትውጥ ነው የኖረችው። ሁለተኛውን ፊልም ልታስገባ ስትል እናቷ ተጣራች።

«በርጩማዋን ማን አነሳት?»

«እኔ ነኝ፣ እማዬ። አንድ ፊልም ነው የቀረን፣ ሁለተኛ የለም።»

«ያለ አንቺ ከሆነ ለእኔም ይቅርብኝ። እኔንም ተዪኝ» አለችና እናቷ እጇን አጣምራ ዓይኗን ጨፈነች፤ ሰማንያ ዓመት የሞላት ሴት ኩርፊያዋ የአራት ዓመት ልጅ ነው። በርጩማዋን ከመዝጊያው ሥር አምጥታ ቦታዋ የመለሰቻት እህቷ ናት። ስትመለስ ባሏን በዓይኗ አየችው፤ ጋዜጠኛው ባዶ መሆናቸውን ለማሳየት ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ።

ሁለተኛውን ፊልም አስገብታ መብራቱን አጠፋች። ክዳኑን አነሳች፣ ጨለማውን አቋረጠች፣ ጉልበቷ በርጩማዋን ነካ፣ ተቀመጠች። እናቷ በቀኟ፣ እህቷ በግራዋ። የእናቷ ትንፋሽ የኬክ ሽታ አለው። የእህቷ ክንድ በክንዷ ላይ አረፈ፣ አልሸሸም። ብልጭ ከስንት ዓመት በኋላ ከካሜራው ፊት ሆና ምን ማድረግ እንዳለባት ግራ ገባት፤ ፈገግ ይባል ወይስ አይባል፣ አገጭ ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች። ለስንት ሙሽራና ለስንት ምሩቅ ስትነግር የኖረችው ሁሉ ከአእምሮዋ ድርግም አለ። ፍላሹን ከወንበሩ ጀርባ አዞረችና ተጫነችው። ሳሎኑ ቀን ሆነ፣ ጨለመ። ተነስታ ሄደች፣ ክዳኑን ዳብሳ ከደነችው። «ይብራ» ስትል ቤቱ በጭብጨባ ተሞላ፣ አጎታቸውም አብረው አጨበጨቡ፣ አጨብጭበው ሲያበቁ ለምን እንደሆነ ጠየቁ።

እናቷ ፎቶውን ሳታይ ማንም ከዚህ ቤት አይወጣም ስላለች መታጠቢያ ቤቱ ሥራ ቤት ሆነ። ብልጭ የፊልም ማጠቢያ መድኃኒቶቹንና ሳፋዎቹን ከስቱዲዮ ይዛ መጥታለች። ከእህቷ ልጆች አንዷ ልረዳሽ ብላ ስትነሳ እናትየው ልብስሽን ታበላሺያለሽ ብላ አስቀመጠቻትና ራሷ እጅጌዋን ሰብስባ ገባች። መጀመሪያ የተበላሸውን ፊልም አጠቡ፤ መድኃኒቱ አሮጌ ስለሆነ ብልጭ መልካሙ ላይ ከመድፈሯ በፊት በዚያኛው ልትሞክረው ፈለገች። ፊልም ምንም ብርሃን አይወድም፤ ሁለቱ እህትማማቾች በጨለማ፣ በመታጠቢያው ገንዳ ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳፋ ያወዛውዛሉ። መድኃኒቱ እንደሚሠራ ሲያዩ መልካሙንም አጠቡ። ፊልሞቹ በልጆቹ የፀጉር ማድረቂያ ደረቁ፤ ፊልም ላይ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ ስለሚወጣ ማን ምን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ብልጭ ቀዩን አምፖል አብርታ መልካሙን ፊልም የፎቶ ወረቀት ላይ አድርጋ ለቅጽበት ብርሃን አሳየችውና ወረቀቱን ሳፋው ውስጥ ነከረችው። ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ቆየ፣ ከዚያ ወንበሮቹ መጡ፣ ከዚያ የማሙሽ መላጣ፣ ከዚያ ፊቶቹ። ሁሉም ሐኪም ቤት ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ሁሉም ዓይኑን ገልጧል፣ አንዲት ሴት ስትቀር። ብልጭ ዓይኗን ግጥም አድርጋ ጨፍናለች።

እህቷ ናት መጀመሪያ ሳቋን ያፈነዳችው። ብልጭ ልትቆጣ ፈልጋ አልሆነላትም፤ ሰው ሁሉ ዓይኑን እንዳይጨፍን ስትለምን የኖረች ሴት በገዛ ፍላሿ መጨፈኗ ለቁጣ አይመችም። ሁለቱም የገንዳውን ጠርዝ ይዘው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ግን ብልጭ ልቧ ጥቂት ቅር አላት፤ እንግዲህ እኔም ገባሁ ተብሎ የምታገኘው ይኼው ነው። እህቷ ፊቷን አይታ «እስቲ ያንን የተበላሸውንም አትሚው፣ ወረቀት እንደሆነ አለ» አለች። ብልጭ ለይሉኝታ ያህል አተመችው። ወረቀቱ ሳፋው ውስጥ ሲወዛወዝ መጀመሪያ የወጣው የራሷ ጀርባ ነበር፣ መሀል ሳሎን ላይ፣ አንድ እጇ አየሩን ሲዳስስ። ከዚያ ሌሎቹ እጆች መጡ። የማሙሽ እጅ ተዘርግቷል። የሚስቱም፣ የልጆቹም። እናቷ ከወንበሯ ጎንበስ ብላ ሁለት እጇን ልጅ ሊቀበል እንደሚዘረጋ ሰው ዘርግታለች። አጎታቸው እንኳ፣ መብራት ሄደ እንዴ እያሉ፣ አንድ መዳፋቸውን ወደ እሷ አቅንተዋል። ጋዜጠኛው ብቻ ነው በካሜራዋ ምክንያት እጅ ያጠረው። ማንም ማንንም አያይም፤ ሁሉም ዓይኑን አፍጥጦ ጨለማው ውስጥ እሷን ይፈልጋል። እህቷ ግን ተቀምጣ አልነበረም። ተነስታ፣ ከወንበሯ ወደፊት ወጥታ፣ ክንዷን እስከ መጨረሻው ዘርግታ የጣቷ ጫፍ ከብልጭ እጅ አንድ ስንዝር ላይ ነበር።

ሁለቱም ቀና አላሉም። ብልጭ ወረቀቱን በጣቶቿ ጫፍ ከአንዱ ሳፋ ወደ ሌላው አሻገረች። «ሰው አይታጠብም እንዴ በዚህ ቤት?» የሚል የእናታቸው ድምፅ ከበሩ ውጭ መጣ።

ፎቶዎቹ ምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ ፎጣ ተነጥፎላቸው፣ እርጥብ እንዳሉ ቀረቡ። መልካሙ ፎቶ ሲታይ ሁሉም የየራሱን ፊት ፈልጎ ቅር አለው፣ የብልጭን ዓይን ሲያዩ ደግሞ ሁሉም ተጽናና። ከዚያ ሁለተኛው ቀረበ። እያንዳንዱ የራሱን እጅ አገኘ፣ ከዚያ የጎረቤቱን። እናታቸው መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው፣ መልሳ አደረገችው፣ ጣቷን ሁለተኛው ፎቶ ላይ አሳረፈች፤ ይኼ ነው የሚሰቀለው አለች። ማሙሽ የብልጭ ፊት እኮ አይታይም ብሎ ሊከራከር ሞከረ።

«የእሷን ፊት እኔ አውቀዋለሁ» አለች እናቱ። «የናንተን ነበር ያላየሁት።»

ጋዜጠኛው ጊዜው ሲለሰልስለት አይቶ፣ እንግዲህ እውነት እንነጋገር ከተባለ ይህን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ አለ። ትንሿ ካሜራ ባትበራ ሌሎቹ ይበሩ ነበር ወይ? በሳቅ ሊያባርሩት ሲሉ ብልጭ ከለከለቻቸው። እውነቱን ነው አለች፤ ከአባቴ ወዲህ እኔን ያነሳኝ ሰው አንተ ነህ። ሰውዬው ከወገቡ ቀና አለ፣ ከዚያ በኋላ ማንም የማይችለው ሆነ፣ ካሜራዋንም ከሚስቱ ለምኖ ተቀበላት።

ወደ ማታ ላይ ሁሉም ካፖርቱን ሲፈልግ ብልጭ መታጠቢያ ቤት ገብታ ሳፋዎቹን ማለቅለቅ ጀመረች። እህቷ ተከትላት ገባች፣ አንዱን ሳፋ ተቀበለቻትና ቧንቧው ሥር አደረገችው።

«የጠዋቱን፣ የወንበሩን ነገር» አለች እህቷ ሳፋውን እያየች። «ሰምተሽኛል አይደል?»

«ሰምቼሻለሁ።»

«ፎቶ ሲባል አንቺ ከወዲያ ነሽ። እንደዚያ ነው የለመድኩት። ክፉ አስቤ አልነበረም።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

እህቷ ሳፋውን ገለበጠች፣ ውሃውን አራገፈች፣ መልሳ ደግሞ ያለ ምክንያት ውሃ ሞላችው። በጨለማው ውስጥ ወለሉ ሲጥ ሲል እየሰማሁሽ ነበር አለች። ሲጥ ሲል እዚህ ደረሰች እላለሁ፣ ዝም ሲል ደግሞ ልቤ ይቆማል።

«የምንጣፉ ጫፍ ይጠልፋታል ብዬ ፈራሁ» አለች። «ስነሳ ራሱ ለራሴ አልታወቀኝም።»

ብልጭ እርጥብ እጇን እንዳለ በእህቷ ክንድ ውስጥ አስገባች። እህቷ እጅጌዋ እየረጠበ ክንዷን አላወጣችም።